አባቴ ግድግዳ ላይ የተኙበት ቀን

ጨለማ ለማየት ብዬ ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ መሄዴን ለሰው ማውራት ያሳፍረኛል። ጨለማ እኮ ሮቤም ሞልቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ቤታችን ድረስ በነጻ ይመጣል፣ ያውም ካውያውን ሰክቼ የሙሽራ ቀሚስ ልተኩስ ስል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ገበያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የሽማግሌ ኮት እሰፋለሁ፤ ዕድሜዬን የሰው እጅና ትከሻ ስለካ ነው የኖርኩት። ለእኔ ጨለማ ማለት ጣቴን በመርፌ የምወጋበት ሰዓት ነው። ሌላ ምሥጢር አላየሁበትም። እና አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ጨለማ በመኪና ጭኖ መጥቶ ጎባ አዳራሽ ውስጥ ዘርግቶታል ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ሳቅ ነው።

ወሬውን ያመጣችው ጎባ የምታስተምር ደንበኛዬ ናት። ቀሚስ ልትለካ መጥታ ክንዷን ዘርግታ እንደቆመች፣ «አንቺ፣ አባትሽን አየኋቸው እኮ!» አለችኝ። «ጎባ አዳራሹ ውስጥ ስለ ሌሊት ዐውደ ርዕይ ተከፍቷል። አባትሽ በፎቶ ግድግዳውን ሞልተውታል። እንዴት ያለ ትልቅ ፎቶ መሰለሽ!»

ምን ሲያደርጉ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። አፌ ውስጥ አራት ስፒል ይዤ ነበር፤ ስፒል አፉ ውስጥ የያዘ ሰው ደግሞ ራሱን ከመነቅነቅ ሌላ ምንም አይችልም። ስፒሎቹን ተፍቼ አፌን ስከፍት አባቴ ቀደሙኝ። ሱቄ ጥግ ካለችው አግዳሚ ላይ ቀና ብለው፣ «የእኔ ፎቶ?» አሉ።

አባቴ ቀኑን ሙሉ እዚያች አግዳሚ ላይ ነው የሚውሉት። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ነገር ሁሉ አፍንጫቸው ሥር ካልደረሰ አይታያቸውም። ጆሯቸው ግን አይጣል ነው! ከመንገዱ ማዶ ስለ እሳቸው የሚያማ ሰው ካለ ይሰሙታል። እኩዮቻቸው ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ እየቆጠሩ በየደጁ ሲሄዱ እሳቸው ባዶ እጃቸውን ናቸው። አንዳንዱ «እኚህ ሰውዬ ዲናቸው ላልቷል» ይል ነበር፤ እኔም ብዙ ጊዜ «አባ፣ አንድ ሙስበሃ ልግዛልዎት?» ብያቸው «ተይው፣ ይጠፋብኛል» ብለውኛል። በሕይወታቸው የተነሱት ፎቶ የመታወቂያው ብቻ ነው። እንግዲህ ግድግዳ የሚሞላ ፎቶ አለዎት ሲባሉ ፊታቸው ላይ የመጣውን ደስታ ብታዩት! ቅዳሜ እንድወስዳቸው እሺ አልኩ፤ እምቢ ለማለት የሚሆን አንጀት አልነበረኝም።

አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዘበኝነት ነው። ሮቤ ውስጥ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ነበር፤ የባሌ ስንዴ ተጭኖ እስኪሄድ እዚያ ይከማቻል። አባቴ በሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሌሊቱን ይጠብቃሉ። እኔ የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ሌሊት ሁለት ኩንታል ስንዴ ከመጋዘኑ ጠፋ። የባለቤቱ ሹፌር ምስክር ሆኖ ቀረበ። በዚያ ሌሊት በዚያ ሳልፍ አይቻቸዋለሁ አለ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ «ለጥ ብለው ተኝተው» አለ።

ሽማግሌዎች ነጋዴው ግቢ ተቀመጡ። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ። «ተኝተሃል ወይ?» አሏቸው። አባቴ በኦሮምኛ፣ «ሂን ረፍኔ» አሉ፤ አልተኛሁም ማለት ነው። «ታዲያ ዓይንህን ጨፍነህ ምን ትሠራ ነበር?» ሲሏቸው ዝም። ደግመው ጠየቋቸው፤ ዝም። ሦስተኛ ሲጠይቋቸው ያችኑ ቃል ደገሙ። በመጨረሻ በቁርአን አስማሏቸው፤ መሐላውም ከዚያች ቃል አላለፈም። ሂን ረፍኔ። በኦሮምኛ ይህች ቃል ለማንም አትለወጥም፤ አልተኛሁም፣ አልተኛም፣ አልተኙም፣ ሁሉም ሂን ረፍኔ ነው። ነጋዴው «ይሁን» አለ፤ አባቴም ሥራቸው ላይ ቆዩ። ሌባው አልተገኘም።

ሽምግልናው ያለቀው በወረቀት ነው እንጂ በሰው አፍ አላለቀም። የሮቤ ሰው አባቴን «እንቅልፎ» ብሎ ጠራቸው። በውሸት የማለ ሰው የሚባለውን ደግሞ እኔ አልደግመውም። ትምህርት ቤት እኔ «የእንቅልፎ ልጅ» ሆንኩ። ስንቱን ተደባድቤያለሁ! አንዷን ልጅ ጸጉሯን ይዤ ደረጃው ላይ ጎትቻታለሁ፤ እስከ ዛሬ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች፣ እሰይ፣ እንኳንም ጎተትኳት። ይህ ምላሴ የተሳለው ያኔ ነው። ለአባቴ ይህን ያህል ከተጣላሁ አምኛቸዋለሁ ማለት ነው ብዬ አስብ ነበር። እሳቸውን ግን አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም።

ቅዳሜ ለበሱ። ባለፈው ዒድ የሰፋሁላቸውን ግራጫ ኮት፣ ከላዩ ጋቢ፣ አዲስ ቆብ፣ የተወለወለ ጫማ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ሁሉ «ፎቶዬን ላይ ነው የምሄደው» እያሉ ጎባ ደረስን። ጎባ ድሮ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ነበረች። ያ ዘመን ካለፈ ስንት ጊዜው ነው፤ ሰዎቿ ግን እኛን ሮቤዎችን ሲያዩን ዛሬም የገጠር ዘመድ ሳይጠራ የመጣባቸው ይመስላሉ። ብርዷን እንኳን እንደ ሹመት ነው የሚያወሩላት።

አዳራሹ በር ላይ ከላይ እስከ ታች በጥቁር ላስቲክ የተሠራ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ውጪው ፀሐይ ነው። ላስቲኩን ገልጠን ስንገባ የሆነ እርጥብ ነገር ፊቴን ላሰኝ። «አዑዙቢላህ!» ብዬ ጮህኩ። ለካ እርጥብ ጨርቅ ከጣሪያ አንጠልጥለው ነው፣ የሰው ፊት እንዲነካ። ሰው ሆን ብሎ፣ አስቦ፣ አቅዶ፣ በእንግዳ ፊት ላይ እርጥብ ጨርቅ ያንጠለጥላል? በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ልጅ ይገረፋል። እዚህ አርቲስት ይባላል።

አርቲስቱ ራሱ እዚያው ነበር። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ አንገቱ ላይ ረጅም ሻርፕ የጠመጠመ፣ አንድ እግሩን ትንሽ የሚጎትት ሰው ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጓል! ከእሱ ጋር አንዲት ወጣት ሴት አለች፤ የእሷ ሥራ እያንዳንዱን ነገር ለሰው ማስረዳት ነው። «ይህ ሥራ ሌሊትን ይጠይቃል» ትላለች። ትንሽ ሄዳ ደግሞ «ይህ ሥራ ሌሊትን ይሞግታል» ትላለች። ሌሊት ምን እንዳደረጋቸው አልገባኝም። የሚጠይቁትና የሚሞግቱት ፍርድ ቤት ያቆሙት ይመስላል።

የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ አልጋ በግልባጩ ከጣሪያ ተሰቅሏል፤ አንሶላው ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ጠጋ ብዬ ጫፉን ያዝ አደረግኩት፤ ዘምዘማቱ ጠማማ ነው። እኔ ጋ ቢሆን ፈትቼ እንደገና ነበር የምሰፋው። ከዚያ ዓይናቸው በጥቁር ክር የተሰፋ አሻንጉሊቶች፣ ሠላሳ ይሆናሉ፣ በረድፍ ተደርድረዋል። እውነቱን ልናገር፣ እነሱን ሳይ ሰውነቴን ወረረኝ። ሕፃናት ይመስላሉ። ግን ከፍርሃቱ በላይ የተናደድኩት በስፌቱ ነው፤ የሰውን ልብ ለማስፈራራት ለተነሳ ሰው ያ ስፌት እጅግ ስንፍና ነው። ቀጥሎ የውኃ ብርጭቆዎች ውስጥ የበግ ዓይኖች ተቀምጠዋል፣ እውነተኛ ዓይኖች፣ ወደ እኛ ያያሉ። ከኋላዬ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ በጎቹን ያረደው ሙስሊም ነው ክርስቲያን?» ብለው አስረጂዋን ጠየቋት። አስረጂዋ «ሥራው ይህን ጥያቄ ክፍት ይተወዋል» አለች። እኔ በሳቅ ልፈነዳ ደረስኩ።

ሁለተኛው ክፍል ባዶ ነው። ከጥግ ጥግ ድምፅ ማጉያ አስቀምጠው የጅብ ድምፅ ለቀዋል፤ ከጣራው በላይ ይጮሃል። ከአዲስ አበባ አብረዋቸው የመጡ ሁለት ልጃገረዶች ተቃቅፈው ቆመዋል። የጎባ ሰው ግን ሻይ ቤት የገባ ይመስል ወሬውን ይዟል። አባቴ ጆሯቸውን ቀና አድርገው ትንሽ አዳመጡና፣ «ይህ ጅብ በልቶ ጠግቧል። ጓደኛውን ነው የሚጠራው፣ ምንም አያደርግም» አሉ። አጠገባችን ያሉ ሰዎች ሳቁ። አርቲስቱ ከጨለማው ውስጥ «እባካችሁ፣ ፀጥታ!» አለ። ፀጥታ ከፈለገ ጅቡን ለምን አመጣው?

ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ፎቶዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ፎቶ አንዲት ጭል ጭል የምትል አምፖል ተሰቅላለች። ሹፌር መኪናው ሥር፣ ዳቦ ጋጋሪ ምድጃው ፊት። አባቴን በክንዳቸው ይዤ ቀስ እያልኩ ስሄድ የመጨረሻው ግድግዳ ጋ ደረስን፤ ቀና ስል አባቴ ናቸው።

ከወለል እስከ ጣሪያ። ከሽምግልናው ብዙ ዓመት በኋላ፣ ዘበኝነቱን ሊተዉ አካባቢ የተነሳ ነው፤ ጺማቸው ሸብቷል። የመጋዘኑ የብረት በር፣ ጋቢያቸው፣ አንገታቸው ዘንበል ብሎ፣ ዓይናቸው ግጥም ብሎ ተጨፍኖ፣ አፋቸው ትንሽ ገርበብ ብሎ። ከጋቢው ሥር የወጣው ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ አርፏል። ፎቶው ውስጥ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል፤ የበሩ ዝገት እንኳን ይቆጠራል። ያ እጅ ብቻ ደብዝዟል። ከሥሩ በትልቁ፣ «የሚተኛው ዘበኛ» ይላል። ቀጥሎ በትንሹ፣ «ከተማው እንዲጠብቀው የቀጠረው ሰው ከከተማው ቀድሞ ተኛ።»

የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለካ እውነት ነው። ሹፌሩ እውነቱን ነው። ለካ በቁርአን የማሉት በውሸት ነው። ያ ሁሉ ጸብ፣ ያ ሁሉ ጸጉር መጎተት፣ ለውሸት ነው። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ ልጃቸው፣ የሰፋሁላቸውን ኮት እጅጌ በእጄ ይዤ።

ከኋላችን አንድ የሮቤ ሽማግሌ፣ የድሮውን ነገር የሚያውቁ፣ ለጓደኛቸው «እንቅልፎ አይደለም እንዴ? አቤት! በመጨረሻ ተያዘ» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ከሰማሁ አባቴ ሰምተዋል። ሰውዬውን ዞሬ ባየሁት ጊዜ አፉን ዘጋ፤ አስተያየቴን ያውቀዋል።

«ደረስን?» አሉ አባቴ። ከዚያ ርቀት ለእሳቸው ፎቶው ግራጫ ነገር ነው።

«አባ፣ እንሂድ።»

«ፎቶዬስ?»

«የእርስዎ አይደለም። መምህርቷ ተሳስታ ነው። ሌላ ሰው ናቸው።»

«ማናቸው?»

«የማይታወቁ ሽማግሌ።»

ፊታቸው ላይ ያ የሳምንት ደስታ ሲጠፋ አየሁት። ክንዳቸውን ስቤ ልወጣ ስል አስረጂዋ ሰው አስከትላ መጥታ መንገዱን ዘጋችብን። «ይህ የዐውደ ርዕዩ ልብ ነው» አለች። «ሥራው ኃላፊነትን ይጠይቃል። እዩት፣ አካሉ ሁሉ ሞቷል፤ እጁ ብቻ ደብዝዟል፣ ምክንያቱም እጁ ሕልም እያየ ነው።» እጅ ሕልም ያያል! አፌን ከፍቼ የሚገባትን ልነግራት ስል መብራት ጠፋ።

የጎባ መብራት ነው፤ የሮቤው ወንድም። ጅቡ በጩኸቱ መሃል ቀጥ አለ። የአርቲስቱ ጨለማ ከእውነተኛው ጨለማ ጋር ሲተያይ እንዴት ያለ ድሃ እንደነበር ያኔ ታወቀ። ሰው ግን ልምድ አለው፤ ከአፍታ በኋላ ስልክ ሁሉ ባትሪ ሆነ። ሃምሳ ባትሪ አንድ ላይ በራ፤ አብዛኛውም ያበራው ትልቁ ፎቶ ላይ ነው። አርቲስቱ «አታብሩ! አታብሩ! ሥራውን ታበላሹታላችሁ!» እያለ እየሮጠ መጣ። ማን ይሰማዋል። አዳራሹ እንደ ሠርግ ቤት በራ።

አባቴ ክንዳቸውን ከእጄ አላቀቁ። ወደ ፎቶው ሄዱ፣ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ፊታቸውን አንድ ስንዝር እስኪቀር አስጠጉ። ከበሩ ጀምረው ጋቢውን፣ ከጋቢው ፊቱን ተመለከቱ። እጁ ጋ ሲደርሱ ብዙ ቆዩ።

«ይህ እኔ ነኝ» አሉ።

ዞር አሉና፣ «ይህን ያነሳኸው ልጅ የት ነህ?» አሉ በዚያ ኦሮምኛ በሚጫነው አማርኛቸው። አርቲስቱ «አባባ፣ እኔ ነኝ። እርስዎ ነዎት እንዴ? እንዴት ያለ መታደል ነው!» ብሎ ሊያቅፋቸው ተጠጋ።

«ሦስት ጊዜ ነው ያበራኸው» አሉት።

«ምን አሉ?»

«መብራቱን። ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ከበሩ ወዲያ፣ ሁለተኛ ቀርበህ፣ ሦስተኛ እዚህ» ብለው አፍንጫቸውን ነኩ። «ከወፍጮ ቤቱ በኩል ነው የመጣኸው። አንድ እግርህን ትጎትታለህ፤ ዛሬም ስገባ እግርህን አውቄዋለሁ፣ ከየት እንደማውቀው ነበር የጠፋኝ። ከአንተ ጋር አንዲት ሴት ነበረች። ‹ቀስ በል፣ እንዳይነቁ› አለችህ። አንተ ደግሞ ‹ይሄ እኮ ሞቷል እንጂ አልተኛም› አልካት።»

አስረጂዋ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሃምሳው ባትሪ ከፎቶው ተነስቶ እሷ ላይ አረፈ። ሴቷ እሷ መሆኗን ለማወቅ ሌላ ምስክር አላስፈለገም።

«ከዚያ ወደ ኋላህ እየሄድክ ስታይ ቦዩ ውስጥ ወደቅህ» አሉ አባቴ። «ያኔ የተናገርከውን ግን እናቶች ባሉበት አልደግመውም።»

ኧረ የዚያን ቀኑ ሳቅ! የበግ ዓይኑን የጠየቁት እናት ሆዳቸውን ይዘው ግድግዳ ተደገፉ። የሮቤው ሽማግሌ ሳይቀር ሳቁ፤ እንዲያውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እኔ ድሮም ብያለሁ! ሌባ ሊይዝ አድፍጦ ነው!» አሉ። እዩት እንግዲህ፣ አሁን ከመቼው ተገለበጠ። ሰዉ ሁሉ «አድፍጠው ነው፣ አድፍጠው ነው» ብሎ አጨበጨበ። አባቴ ፈገግ አሉ እንጂ አድፍጬ ነው አላሉም፣ አላደፈጥኩም አላሉም።

አርቲስቱ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። «ይህ እንዲያውም ሥራውን ተጨማሪ ጥልቀት ይሰጠዋል» አለ። እኔ ያኔ ምላሴ ተፈታ። ጥልቀቱን ቦዩ ውስጥ ፈልገው አልኩት። የሰው አባት ሳታስፈቅድ አንስተህ፣ ሳትጠይቅ ስም አውጥተህ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለህ ታስቅብኛለህ፣ አንተ አሻንጉሊት እንኳን አስተካክለህ መስፋት የማትችል ሰውዬ አልኩት። የተለጠፈውን ጽሑፍ ገንጥዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ፎቶውንም ላወርደው ስል አባቴ ክንዴን ያዙኝ።

«ተይው ልጄ፣ እንጀራው ነው» አሉ።

ወደ መናኸሪያ ስንሄድ አፌ አልተዘጋም። አርቲስቱን፣ አስረጂዋን፣ እርጥቡን ጨርቅ፣ ጎባን በሙሉ ዘለፍኩ። አባቴ ክንዴን ይዘው ይራመዳሉ። ሌባ ለመያዝ ብለው ነው ዓይናቸውን የጨፈኑት? አንድ ሌሊት ይሁን፤ በየሌሊቱ? ልጠይቃቸው ፈለግኩና ፈራሁ። እኔ፣ ማንንም የማልፈራዋ ሴት፣ አባቴን መጠየቅ ፈራሁ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሳ። አባቴ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ከጎባ እንደወጣን ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አንገታቸው ዘንበል አለ፤ አፋቸው ትንሽ ገርበብ አለ። ልክ ፎቶው። ሳላስበው ዓይኔ እጃቸው ላይ ወደቀ።

ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። አውራ ጣታቸው ትንሿ ጣት ላይ ከመጀመሪያው አንጓ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይሄዳል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጣት ይሻገራል። ደግሞ ሦስት አንጓ። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም፤ አውራ ጣቱ ብቻ፣ ሳይቸኩል፣ አንድም አንጓ ሳይዘል። ዚክር ላይ ናቸው፣ አላህን እያወሱ። ሙስበሃቸው ጣታቸው ነው፤ እንዲህ ከሆነ ማንም አያይባቸውም። ፎቶው ውስጥ የደበዘዘው እጅ ይቆጥር ነበር። ሕልም አለች ያቺ አስረጂ!

እኔ የሰው እጅ ስለካ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያን እጅ ግድግዳ የሚያህል ሆኖ አይቼው ነበር።

ዙሩን ጨርሰው ዓይናቸውን እስኪገልጡ ጠበቅኩ። «አባ» አልኳቸው፣ «ያኔ ለሽማግሌዎቹ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምኑን?»

ጣቴን አውራ ጣታቸው ላይ አደረግኩ። እጄን ዳሰሱት፣ ተነቃብኝ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዒባዳ እኮ ነው» አሉ፤ አምልኮ ማለታቸው ነው። «ለሁለት ኩንታል ስንዴ ምስክር አድርጌ ላቁመው? አልተኛሁም ወይ? አልተኛሁም። የጠየቁኝ እሱን ነው፣ መለስኩ። የቀረው የእኔና የጌታዬ ነው።»

«ሰው እኮ እንቅልፎ አለዎት! ሠላሳ ዓመት!»

«ሰውማ ይላል።» ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና፣ «አንቺስ?» አሉኝ። «ሌላ ሰው ናቸው ያልሽኝ፣ ተኝተዋል ብለሽ ነው?»

ለአርቲስቱ መልስ ነበረኝ። ለአስረጂዋ፣ ለሮቤው ሽማግሌ፣ ለጎባ ሰው ሁሉ መልስ ነበረኝ። ለዚህች ጥያቄ ግን እጄ ወደ ቦርሳዬ ሄደ። ውስጡ ያለውን ወረቀት የገነጠልኩ ጊዜ ያን ያህል የጮህኩት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ የተጻፈውን ከእነሱ ቀድሜ ያመንኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«አዎ» አልኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እጄን መታ መታ አደረጉና «አይዞሽ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ሲሉኝ ነው። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አውራ ጣታቸው ትንሿ ጣት ላይ ተመለሰ።

ከፊታችን የሽንኩርት ዘንቢል ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠች ሴት ዞር ብላ አየቻቸው። አዘነችላቸው መሰለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እህቴ፣ አባትሽ እንቅልፍ ወሰዳቸው እኮ» አለችኝ። «ደግፊያቸው፣ አንገታቸውን ያማቸዋል።»

«ሂን ረፍኔ» አልኳት፣ ሚኒባሱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።